ከፕራግ የገዛሁት ጥቁር ሻርፕ

አምና የደረሰብኝ ነው። ስናገረው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ግን እስካሁን አብሬ መሳቅ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ ወንድም ሠርግ ከሜልቦርን ጀርመን ሄደን ነበር። ሠርጉ አልቆ ልንመለስ ስንል ባለቤቴ ተስፋዬ፣ "እዚህ ድረስ መጥተንማ ፕራግን ሳናይ አንሄድም፤ ሆቴል ቡክ አድርጌያለሁ" አለኝ። ተስፋዬ ማለት እኮ ከሰፈራችን ከትሩጋኒና መሃል ሲቲ ለመሄድ እንኳ ፓርኪንግ ውድ ነው እያለ የሚነጫነጭ ሰው ነው። "ምን ነካህ?" ስለው፣ "ትንሽ እንድትዝናኚ ብዬ ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ፕራግ ውብ ናት፤ አልዋሽም። ወንዙ መሃሏን አቋርጦ ያልፋል፤ ማዶ ኮረብታው ላይ የድሮው ቤተ መንግሥት ይታያል። በደረስን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ደሴ ለምትኖረው እናቴ ከተማውን ላሳያት ብዬ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ።

እናቴን ካየኋት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወደ አውስትራሊያ ልናመጣት ብለን ቪዛዋ ደጋግሞ ተከልክሏል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ትቼዋለሁ፤ የምትከታተለው እዚያው ሜልቦርን፣ ዲር ፓርክ ያለችው ታናሽ እህቴ ሰናይት ናት።

ለሰናይት ደወልኩ። "ኔትወርክ ነው፤ እማዬ ደህና ናት" አለችኝ። ቀጠል አድርጋ፣ "ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት? በቀጥታ ወደ ቤት ነው አይደል?" አለች። ካልተቆጣችኝ ስልክ የማትዘጋው ሰናይት፣ "የኔ ቆንጆ፣ ተዝናኚ እሺ" ብላ ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ደወለች። እሷም የምንገባበትን ሰዓት ነው የጠየቀችኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ቤት ተሰብስቦ ይጠብቅሃል፤ እስከዚያ የሞተውም ሰው "ደህና ነው"። ለካ ተስፋዬ እዚህ ያመጣኝ ለዚህ ነው አልኩ።

ወንዙ ላይ ባለው አሮጌ ድልድይ ላይ አፋጠጥኩት።

"እማዬ ሞታለች አይደል?"

"ኧረ በኢየሱስ ስም! ደህና ናት አልኩሽ እኮ!"

ዓይኔን ግን አያይም። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም፤ ይህን ተሸክሞ እኔን ለማስደሰት መከራውን ሲያይ አንጀቴን በላው። ፎቶ ሲያነሳኝ ፈገግ እላለሁ፤ ዞር ሲልልኝ ወደ ወንዙ ፊቴን መልሼ አለቅሳለሁ። ድልድዩ ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የቅዱሳን ሐውልቶች ራሳቸው ለቀስተኛ መሰሉኝ። እዚያው አካባቢ ካለ ሱቅ ጥቁር ሻርፕ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁ።

ሜልቦርን ስንደርስ አውጥቼ ተከናነብኩት። ተስፋዬ አየኝና "በረደሽ እንዴ?" አለኝ።

ቤታችን በር ላይ መኪና ተደርድሯል። ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል። ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ? "እናቴን! እናቴን! ሳላይሽ!" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። ሳሎኑን የሞላው ሰው ክው አለ።

ይኼኔ ከመኝታ ቤት በኩል ሌላ ጩኸት ተነሳ። "ኧረ ማን ነው? ኧረ ማን ሞተብኝ?" እያለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እናቴ እየሮጠች ወጣች።

እዚያው ዘጭ ብዬ ወደቅሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አቀፈችኝና እያለቀሰች፣ "ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?" አለችኝ።

"አንቺ!" አልኳት።

ለካ ቪዛው ወጥቶ ኖሯል። ሰርፕራይዝ እናድርጋት ብለው፣ እናቴ ተሳፍራ እስክትገባ ተስፋዬ ፕራግ ላይ ሊያቆየኝ ከሰናይት ጋር ተማክሯል። ስልኳም የተዘጋው ከሀገር ስለወጣች ነው። ሰናይትን ለሳምንታት አኮረፍኳት። ደስታውን የተቀበልኩት ልቅሶዬን እንኳ ሳልጨርስ ነው።

ሻርፑን ልጥለው ስል እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። "ለኔ ልቅሶ የገዛሽውንማ እኔው ለብሼ እጨርሰዋለሁ" ብላ የሜልቦርንን ብርድ በሱ ተከላከለች። የቪዛ ጊዜዋ ሲያልቅም አንገቷ ላይ ጠምጥማው ወደ ደሴ ተመለሰች።

አሁን "ደህና ናት" የሚለኝን ሰው አላምንም፤ አንድ ቀን እውነት እንደማይሆን አውቃለሁ። በየቀኑ በቪዲዮ ነው የምደውልላት። ስታነሳው መጀመሪያ የማየው ፊቷን አይደለም፤ አንገቷን ነው። ያ ጥቁር ሻርፕ አንገቷ ላይ ካለ፣ ተመስገን ብዬ ወሬዬን እጀምራለሁ።