እትዬ ነገ

መስኮት ቁጥር ሦስት የምትቀመጠውን ሴት ባለጉዳዮች በሌለችበት «እትዬ ነገ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። አንድ ቀን ደረጃ ስትወርድ ሰምታው እንዳልሰማች ሆና አለፈች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን እህል አልወርድላት አለ።

ስሙ መቼም ከሰማይ ዱብ አላለም። መሥሪያ ቤቱ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ ይሰጣል። ማስረጃው ላይ የሚፈርሙት አለቃዋ ናቸው፤ አለቃዋ ደግሞ ስብሰባ ነፍሳቸው ነው። በወጡ ቁጥር አንድ ግራጫ ኮት ወንበራቸው ላይ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። ኮቱ ካለ አለቃው አሉ፤ የቢሮው ወግ እንዲህ ነው። «ኮታቸው አለ፤ ቅርብ ናቸው» ትላለች እሷ። ቀኑ ሲያዘነብል ደግሞ «እንግዲህ ነገ ይመለሱ።» አለቃው ሌላ ኮት ለብሰው እንደሚወጡ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ያ ግራጫ ኮት እንደሆነ ሥራ ገበታው ላይ እንደተገኘ ነው፤ የዓመት ፈቃድ እንኳ ወስዶ አያውቅም።

እዚያው መስኮቷ ላይ ተቀምጣ ነው የሕዝብ አስተዳደር ዲግሪ በኢንተርኔት ልማር ብላ የተነሳችው። ኮምፒውተር ያስጀመረቻት ልጇ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ሊያደርግልሽ?» ብላ ሳቀችባት።

«ዕድሜዬ የጠፋው ቢሮ ውስጥ አይደል? እዚያው ልፈልገዋ!» አለቻት።

ለልጇ ያልነገረቻት ሌላ ምክንያት ነበራት። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ የቤታቸውን ካርታ ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ እጃቸውን ይዛ ትከተል ነበር። አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ይጠብቃሉ። ነገ ይባላሉ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይነሳሉ። ካርታው ሳይስተካከል ሞቱ። ያኔ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጣ ሰውን ሁሉ «ዛሬ» የምትልበትን ቀን ታልም ነበር። መቀመጡን ተቀመጠች፤ «ዛሬ» ማለቱ የት ላይ እንደቀረ ግን አታውቀውም። ልማድ እንደ እንቅልፍ ነው፤ ሲወስድ አያስታውቅም።

የምሳ ሰዓት ሲሆን ከመስኮቷ ጀርባ ወዳለችው መዝገብ ቤት ትገባለች። ጠባብ ክፍል ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል የተደረደረባት። በጆሮ ማዳመጫዋ የመምህራኑ ድምፅ ይንቆረቆራል፤ ተጠያቂነት፣ ግልጽነት፣ ውክልና። ፀሐይዋ ከፍ ባለው መስኮት ትገባና አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ዓይኗ ይከብዳታል። ያን ጊዜ ፋይሎቹ የሚተነፍሱ ይመስላታል። የተወለዱት፣ የተጋቡት፣ የሞቱት ሁሉ ከመደርደሪያው ወርደው ይሰለፋሉ። አንዳቸውም አይቆጡም፤ ዝም ብለው ያዩአታል። ከሰልፉ ጫፍ አባቷ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ተራቸው ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ትባንናለች።

የመጨረሻው የቃል ፈተና ደረሰ። ባለፈው ዙር ኔትወርኩ መሃል ላይ ጥሏት ጠፍቶ ወድቃለች፤ አሁንም ከወደቀች የእስከ ዛሬው ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው። አለቃዋ ስብሰባ ነበሩና ከኮታቸው ፈቃድ ጠይቃ፣ መስኮቷ ላይ «መጣሁ» የሚል ካርቶን አቁማ፣ መዝገብ ቤት ገባች። የበሩ ግማሽ መስታወት ነው፤ የባለጉዳዮቹ አግዳሚ ይታያል። አግዳሚው ላይ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ብቻቸውን ቀርተዋል። የሟች ባለቤታቸውን ማስረጃ ለመውሰድ የተመላለሱበትን ቀን እሳቸውም እሷም መቁጠር ትተዋል። ያን ዕለት ጠዋትም «ኮታቸው አለ» ብላቸዋለች።

ከኮምፒውተሩ መስኮት ውስጥ ፈታኞቹ ብቅ አሉ። መሃል ላይ ያሉት መነጽር ያደረጉ አንጋፋ መምህርት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች መልስ እንደ ውኃ ስለጠጣችው ዘረገፈችው። ክፍሉ ይሞቃል፤ አቧራው ይንሳፈፋል። የመምህርቷ ድምፅ ከሩቅ፣ ከመስታወት ማዶ የሚመጣ መሰላት።

«አንድ ባለጉዳይ መጣ እንበል፤ ፈራሚው ኃላፊ ግን የሉም። ምን ይሉታል?»

አፏ ራሱ መለሰ። «ኮታቸው አለ፤ ቅርብ ናቸው። ነገ ይመለሱ።»

አንደኛው ፈታኝ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። እሷ ፊቷ ፍም መሰለ። መምህርቷ አልሳቁም።

«ኃላፊው በሌሉበት ደንቡ ማን ይፈርም ይላል?»

«በክፍሉ ነባር የሆነው ሠራተኛ።»

«እናንተ ዘንድ ነባሩ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ነገ?»

ደንቡን ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል። ግን አለቃ ባለበት አገር በአለቃ ቦታ መፈረም ሰውየውን በቁሙ እንደመቅበር ስለሚታይ የሞከረው የለም። ይህን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት በመስታወቱ አዛውንቱን አየቻቸው። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ደፉ። ሊሄዱ ነው። አነሳሳቸውን ታውቀዋለች።

«ይቅርታ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። መጣሁ» አለች።

«የት?» አሉ መምህርቷ። የጆሮ ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር።

«አባባ! ይቀመጡ፤ አሁን ይወስዱታል» አለች በሩን ከፍታ።

«ግዴለም ልጄ፣ ነገ እመጣለሁ» አሉ አዛውንቱ ደንገጥ ብለው። ከዚያ መስኮት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ስለማያውቁ የሆነ ጣጣ የመጣባቸው መስሏቸው ነበር።

አለቃዋ ቢሮ ገባች። ኮቱን አንስታ መስቀያው ላይ ሰቀለችው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማስረጃው ላይ ፈረመች፤ ማኅተሙን መታችበት። አዛውንቱ ወረቀቱን ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት።

«እስከ ዛሬ ስመላለስላት አልሞተችም ነበር» አሉ። «አሁን ገና ሞተች።» ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ጠርገው፣ መርቀዋት ወጡ።

ስትመለስ ፈታኞቹ የሉም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መልእክት ብቻ ተጽፏል፤ «የፈተና ሰዓትዎ አልፏል። እባክዎ ነገ ይመለሱ።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥሎ ፈራች፤ ፍርሃቱ ቤቷ ድረስ ተከተላት።

«አለፍሽ?» አለቻት ልጇ።

«ነገ ተመለሺ አሉኝ።»

ልጇ ልትስቅ ስትል የእናቷን ፊት አይታ ተወችው።

በማግስቱ አለቃዋ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ መልሰው፣ ሰላም ሳይሏት ወጡ። እሷም መዝገብ ቤት ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። መምህርቷ ጥያቄያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። «ለምን ነገ?»

«ምክንያት ፈልጌ አጣሁ» አለች። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን መልስ ታውቀው ነበር፤ አልተናገረችውም።

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትናንት ሲጠብቁ የነበሩት ሰውስ?»

«ወስደው ሄዱ።»

«ይበቃኛል» አሉ፤ ማለፏን የነገሯትም እዚያው ነው።

ኮምፒውተሩን ዘግታ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ፀሐይዋ ገብታለች። ፋይሎቹ መተንፈስ ጀመሩ፤ ሰልፉ ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ፤ የአባቷ ተራ ደረሰ። አልባነነችም።

«ነገ ልምጣ እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

«ኧረ ዛሬ ነው፣ አባዬ» አለቻቸውና ባርኔጣቸውን ተቀበለቻቸው።