ቲቸር ብርቱካን የሆኑበት ምዝገባ

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። እጇ የገባ ፀጉር እሺ ሳይል አይወጣም፤ ትምህርት ግን አንዴ አምልጧታል። የበኩር ልጇን ስታረግዝ ኮሌጅ አቋረጠች። ልጁ ዛሬ ጢሙን ይላጫል፣ እሷ ግን "በሚቀጥለው ዓመት እጨርሳለሁ" እንዳለች ነው። ዘንድሮ ኮሌጁ ቁርጡን ነገራት፦ በዚህ ምዝገባ ካልተመለሰች የድሮ ውጤቷ በሙሉ ይሰረዛል።

ያኔ ዕቅድ ጀመረች። እህቴ ስታቅድ አያድርስ ነው። የፀጉር ቀለም ናሙና የተደረደረበትን ካርቶን ከግድግዳ አውርዳ በየቀለሙ ሥር ትምህርቱን ከነቀኑ ለጠፈችበት፤ ሂሳብ አያያዝ ቀዩ ላይ፣ ማርኬቲንግ ወርቃማው ላይ፣ ስታትስቲክስ ደግሞ ስለምትፈራው ድቅድቅ ጥቁሩ ላይ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ደንበኛ ሁሉ አማካሪ ሆነች። አንዷ "ስታትስቲክስን ጠዋት እንዳትወስጂ፣ ቀኑን ሙሉ ያዞርሻል" ትላለች። ሌላዋ፣ በኮሌጁ በር እንኳ አልፋ የማታውቀው፣ የማርኬቲንጉ አስተማሪ ክፉ እንደሆነ ትምላለች። ወረቀቱ ሲለጠፍና ሲነቀል ሰነበተ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ ስል፣ ለቲቸር ብሊች ቀብታ መጨረሷ ነበር። ቲቸር ልጅ ሆነን ሁለታችንንም ያስተማሩን፣ ኋላም ዳይሬክተር ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፀጉራቸውን ቡናማ ማድረግ አምሯቸዋል፤ መጀመሪያ ጥቁሩ በብሊች ይነሳል፣ ከዚያ ቡናማው ይቀባል። ላስቲክ ቆብ ደፍተው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጽሔት ያገላብጣሉ።

"እታለም፣ ምዝገባው እንዴት ሆነ?" አልኳት።

"ተይኝ እስቲ! ማርኬቲንጉን ወደ ማክሰኞ ላዛውረው ወይስ ይቆይ እያልኩ ነው።"

"እሱን አይደለም። ተመዘገብሽ ወይ? ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ!"

እህቴ ካርቶኑን ትክ ብላ አየችው። ለካ ስታቅድ ሰንብታ መመዝገቡን ረስታዋለች! ልቆነጥጣት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ታላቄ ሆነችብኝ።

ቲቸር መጽሔቱን ወርውረው ተነሱ። "ምን ትጠብቂያለሽ? እንሂዳ!"

"ቲቸር፣ ብሊቹ እኮ ራስዎ ላይ ነው! በጊዜው ካልታጠበ…"

"እየሄድን ይሥራ።"

ታክሲ ያዝን። ሹፌሩ የቲቸርን ቆብ በመስታወቱ አስሬ ሰረቅ አድርጎ አየና "እማማ፣ ሆስፒታል ነው?" አላቸው።

"ኮሌጅ!" ብለው ጮኹበት።

የሬጅስትራሩ ሰልፍ ደረጃውን ወርዶ ግቢውን ዞሯል። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ቲቸር ግን በዚያ ደወል በማያስፈልገው ድምፃቸው "ልጆች! ራሴ እየተቃጠለ ነው፣ አሳልፉን!" አሉ። ነጭ አረፋ ከቆቡ ሥር ወደ ግንባራቸው እየወረደ ነበር። አንዱ ተማሪ "ይተላለፋል እንዴ?" ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ያን የሰማ ሁሉ መንገድ ለቀቀ።

መዝጋቢዋ ከመስኮቱ ጀርባ ቀና ብላ ቲቸርን አየቻቸው። "ተማሪዋ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ብሆንማ ድሮ ጨርሼው ነበር" አሉና እህቴን ወደ ፊት ገፏት።

ሂሳብ አያያዙም ማርኬቲንጉም ያለ ችግር ገባ። "ስታትስቲክስ ግዴታ ነው" አለች መዝጋቢዋ። "የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። እሱን ካልያዝሽ ምዝገባሽ አይጸድቅም።"

እህቴ ክው አለች። ካርቶኗ ላይ ቅዳሜ የሚባል ቀን የለም። ቅዳሜ የሙሽሮች ቀን ነው፤ ሱቋ ውስጥ መርፌ መጣያ ቦታ አይገኝም። "ቅዳሜማ… ሙሽሮቼስ?" አለች። ፊቷን አውቀዋለሁ። "በሚቀጥለው ዓመት" የምትለው በዚያ ፊት ነው።

"አንቺ ልጅ!" አሉ ቲቸር፣ አረፋውን ከቅንድባቸው እየጠረጉ። "ወይ ወስኚ፣ ወይ እጠቢኝ!"

"ቅዳሜ ይሁን!" ብላ ጮኸች እህቴ። "መዝግቢኝ፣ እባክሽ ቶሎ መዝግቢኝ!"

ማኅተሙ ሲያርፍ እሷ ቲቸርን እየጎተተች ሮጣለች። ከአትክልተኛው እጅ የውሃ ጎማውን ቀምታ እዚያው ሣሩ ላይ አጠበቻቸው። አትክልተኛው ሊቆጣ አፉን ከፍቶ፣ የቲቸርን ፀጉር ሲያይ እንደከፈተ ቀረ። ብርቱካንማ ብል ማሳነስ ይሆንብኛል፤ ብርቱካን ነው።

የእህቴ እንባ መጣ። "ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ! አሁኑኑ ሄደን ቡናማውን ቀብቼ አስተካክለዋለሁ።"

ቲቸር በቢሮው መስኮት መስታወት ራሳቸውን አገላብጠው አዩ። "አትነኪውም" አሉ። "እስክትመረቂ ድረስ እንዲሁ ነው የምሄደው። ሥሩ ሲያድግም ይህንኑ ትደግሚልኛለሽ።"

"ኧረ ቲቸር! ሰው የእኔ ሥራ ነው ሲል ገበያዬ ይጠፋል እኮ!"

"አንቺው ታመጪው፣ አንቺው ታሮጪው።"

ይኸው ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ይዘጋል፤ ሙሽሮቹም ማልደው መምጣት ለመዱ። እህቴ ስታትስቲክስን እየረገመች ትሄዳለች። መቅረት ሲያምራት ያ ብርቱካን ራስ ከመንገዱ ማዶ ብቅ ይላል፣ እሷም ደብተሯን ታነሳለች። የሰፈሩ ሰው ቲቸርን አስቁሞ "ምነው፣ ማን ነው እንዲህ የሠራዎት?" ሲላቸው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይመልሳሉ፦

"ገና ተማሪ ናት። ስትመረቅ ታስተካክለዋለች።"