የሲራድ የእመቤት እግር

ሃርጌሳ ውስጥ ከሲራድ ጋር አጥር እንጋራለን። ባሏ ግመል ወደ በርበራ ወደብ እየነዳ ከከበረ ወዲህ ሲራድ መራመድ የድሃ ሥራ ነው ብላ ደመደመች። መስጊዱ ከበሯ ፊት ለፊት ነው፤ እሷ ግን በመኪና ነው የምትሄደው። ሞተሩ ሳይሞቅ ትደርሳለች። ቆዳዬ ይጠቁራል ብላ መጋረጃ ዘግታ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድማ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ስትጠጣ ትውላለች። ውሃ እንኳ የሚያቀብላት ሰው አለ።

ታናሽ እህቷ ኤብላ ከገጠር የግመል ወተት እያመጣች ትሸጣለች። "እህቴ፣ ኧረ ተነሽና ግቢውን ዙሪ፤ ጉልበትሽ ዛገ እኮ!" ትላታለች።

"ያንቺ እግር የአህያ ነው፤ የኔ የእመቤት!"

የጤና ጣቢያዋ ነርስም መክራታለች፤ ፀሐይ ሙቂ፣ ወተትና ዓሣ አዘውትሪ፣ ከመቀመጫሽ ብድግ እያልሽ ተንቀሳቀሽ፣ አለዚያ አጥንትሽ ይሳሳል ብላ። ሲራድ "ፀሐይ ለፍየል ነው" ብላ አሰናበተቻት።

የልጇ ሰርግ ደረሰ። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ የሙሽራዋን እናት ወደ መሀል ጠሩ። ሲራድ ወርቋን ደርድራ ተነሣች። ኤብላ ልትደግፋት እጇን ብትዘረጋ "ዞር በይ፣ ወተት ወተት ትሸቻለሽ!" አለቻት። ጥቂት እንደተውረገረገች ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። የወደቀችውም ምንጣፍ ላይ ነው፤ ሕፃን ቢሆን ስቆ ይነሣ ነበር። የእሷ የዳሌ አጥንት ግን ተሰበረ። አንሥታ መኪና ውስጥ ያስገባቻት ኤብላ ናት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ምርኩዝ አስይዞ ሊያራምዳት ሲል፣ "ሰው ቀጥረን እሱ ቢራመድልኝስ?" አለችው። ሐኪሙ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እኛ ግን እናውቃታለን።

ኤብላ ንግዷን ትታ ወራት አብራት ከረመች። ሲራድ እየተሳደበች፣ ኤብላ እንዳልሰማች እየሆነች፣ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ግቢ ተራመዱ።

ዛሬ ሲራድ ማለዳ ማለዳ ምርኩዟን እያንኳኳች ሰፈሩን ትዞራለች። እህቷን አመስግና ይሆን? ምን በወጣት! ይልቅ በየበሩ ቆማ፣ "እናንተ ተጎልታችሁ የምትውሉ! ሽባ ሆናችሁ ልትቀሩ ነው?" እያለች ትጮኻለች፤ መራመድን እሷ የፈጠረችው ይመስል።

ትናንት የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ አገኘችኝ።

"ጀርባሽ እኮ ጎበጠ! ተነሽ አንቺ ሰነፍ!"

ደሜ ፈላ። ወገቤን ግን ከጧት ጀምሮ ሲቆረጥመኝ ነበርና ብድግ አልኩ።