አባቴ ሥር ያነጠፍኩት ላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከግድግዳው ላይ አሮጌውን አጎዛ አውርዳ ደጅ ስታራግፈው፣ የበግ ጠጉርና የአቧራ ሽታው ቤቱን ሞላው። ልጄ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነርስ ናት። ጎረቤታችን ሽማግሌው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከተኙ ወራት ሆኗቸዋል፤ ከሥራቸው ልታነጥፍላቸው ነው።

«አባዬ፣ ይሄን የመሰለ አጎዛ ሰቅለህ ትኖራለህ?» አለችኝ።

 የሰቀልኩበትን ምክንያት ለአንተ ልንገርህ። ለእሷ ለመናገር እስከ ዛሬ ድፍረቱ የለኝም።

ያደግኩት አንኮበር ነው። አባቴ ቄስ ነበር። የደብሩን ጣሪያ ሲያድሱ ወድቆ ከወገቡ በታች ደነዘዘ። ደብረ ብርሃን ወስደን ካሳከምነው በኋላ «ከእንግዲህ ቤታችሁ አስታሙት» ተባልንና ተመለስን። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና፣ ከንባቡ ይልቅ አንባቢ መባሉን እወድ ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ የጤና መጽሐፍም ከገበያ ገዝቼ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አባቴን አጎዛው ላይ፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጋ አስተኛችው። ላሟን አልባ ስትገባ፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ በገባች ቁጥር ታገላብጠዋለች። ከዚያ የእጇን ጀርባ ወገቡ ላይ ታሳርፍና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሙቀቱን እያየሁ።»

«ሙቀት በብብት ነው የሚለካው! በመዳበስ የዳነ ሰው አለ?»

አባቴ ከተኛበት ሳቀ። «ተዋት ልጄ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ኖረን ገና አሁን መዳበሷ ነው» አለ።

«አንተ ሰውዬ! ልጅ ፊት!» አለች እናቴ፣ እሷም እየሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ሆስፒታል ሳለን ፍራሾቹ ላስቲክ ለብሰው አይቻለሁ። ላስቲኩ ለፍራሹ እንደሆነ፣ በሽተኛውም አንሶላ ላይ እንደሚተኛ አላስተዋልኩም። ሁለት ሜትር ላስቲክ ገዝቼ መጣሁና «አጎዛ የቁንጫ ቤት ነው» ብዬ አውጥቼ ጣልኩት።

«ላስቲክ ላይ ላቡ ገላውን ያበላሸዋል ልጄ» አለች እናቴ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ማገላበጡንም ከለከልኳት። የታመመ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል፣ አትረብሺው አልኩ። አባቴ ትንሽ ትከሻውን ባነቃነቀ ቁጥር ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር፤ ለእኔ ያ የንጽሕና ድምፅ ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ደብቃ ዳብሳው ኖሮ፣ «ይሄ ጋ ይሞቃል፤ ጠጠር ብሏልም» አለችኝ። አየሁት። ቆዳው እንደ ሌላው ገላው ጠይም ነው። «ምንም የለም» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያ ቦታ ተከፈተ።

አሁን ደግሞ ሐኪም ሆንኩ። ቁስል መድረቅ አለበት ብዬ ጥጥ በአልኮል እየነከርኩ ፈተግኩት። ጠዋት ጠዋት የያዘውን ቅርፊት እያነሳሁ ለፀሐይ ሰጠሁት። ልጄ ስለ ሥራዋ ስታወራ እንደሰማሁት፣ አዲስ የሚበቅለውን ለስላሳ ሥጋ በየቀኑ እየገደልኩት ነበር። አባቴ አይሰማውም፤ ጥጡ ባረፈ ቁጥር ፊቷ የሚጨማደደው እናቴ ነበረች።

ዛሬም በየሰፈሩ ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ አለ። ስቆጣ «ድሮስ በምን ድነን ነው?» ይሉኛል። እበግናለሁ። የምቆጣው በእነሱ ብቻ ይመስላቸዋል።

ቁስሉ እየሰፋ ሲሄድ መድኃኒት ፍለጋ መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩ። ስለ መኝታ ቁስል አንድ ገጽ አለ። በሽተኛውን ቶሎ ቶሎ አገላብጡ፤ ሥሩ እርጥበት አይቆይ፤ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እጠቡና ሸፍኑት፤ በደንብ መግቡት ይላል። ያንን ገጽ ከዚያ በፊትም አይቼው ነበር። የመድኃኒት ስም ስለሌለበት ዘልዬው ነበር።

ላስቲኩን ከአባቴ ሥር ስስብ እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አጎዛውን ይዛ ወጣች። ከጣልኩበት አንስታ፣ አጥባ፣ ፀሐይ አስመትታ አስቀምጣው ኖሯል። «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገጹ እንዳለው ስናደርግ የቁስሉ ጠርዝ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ቤቱን ሲያለብሰው አባቴን ትኩሳት ያዘው፤ ቁስሉም ሳይገጥም አረፈ። ከቁስሉ ይሁን ከሳንባው የነገረን የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

እናቴም ካለፈች ቆየች። አጎዛውን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት፣ ሌሎችን መምከር ሲያምረኝ ቀና ብዬ እንዳየው ነው።

ልጄን ተከትዬ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። አጎዛውን አነጠፍን፣ ሽማግሌውን በጎናቸው አስተኛናቸው። ልጄ የእጇን ጀርባ ወገባቸው ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት በቁጣ ድምፅ።

«የእኛ ቆዳ ቶሎ መቅላቱን አያሳይም አባዬ። ሙቀቱንና ጥጥረቱን በእጅ ነው የምታገኘው። ሥልጠና ላይ አሳይተውናል። ና፣ አንተም ሞክረው፤ ቀን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

እጄን አሳረፍኩ። መጀመሪያ ምንም አላገኘሁም። ዓይኔን ስጨፍን መጣልኝ።

«ይሞቃል አይደል?» አለች።

«አዎ» አልኩ፤ ለእናቴ መመለስ የነበረብኝን። «ይሄ ጋ ይሞቃል።»