አልሞት ያለው ሾፌር

ሰፈርተኛው «ወሬ ሰፊዋ» ይላታል። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ለሬዲዮ ጣቢያ ተከታታይ ድራማ ትጽፋለች። ከታላቅ እህቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው የሚሠሩት፤ እህቷ ትቆርጣለች፣ እሷ ትሰፋለች።

ባሏ መንገድ ቀያሽ ነበር። አንድ ክረምት ለሥራ እንደወጣ ቀረ። ወንዝ ወሰደው ያለም አለ፣ ሌላ ትዳር ይዟል ያለም አለ። ሬሳ ስላልተገኘ እርሟን ሳታወጣ ዓመታት አለፉ።

አዲሱ ድራማዋ ቀላል ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገደል ገብቶ ይሞታል፤ ሚስቱ አልቅሳ ሲወጣላት ጎረቤቷን መምህሩን ታገባለች። ለጣቢያው አዘጋጅም የነገረችው ይህንኑ ነው።

ሾፌሩ ግን እምቢ አለ። መኪናውን ገደል አፋፍ ስታደርሰው በሩን ከፍቶ ወረደ። ወረቀቱን ቀድዳ እንደገና ጀመረች። አሁንም ወረደ፤ ይባስ ብሎ፣ «ሬሳዬን ሳታዪ ልትቀብሪኝ ነው?» አለ። የራሷ እጅ የጻፈውን አንብባ ክው አለች።

«እታለም፣ ሰውዬው አልሞት አለኝ።»

«የቱ ሰውዬ?» አለች እህቷ፣ ከመቀሷ ቀና ሳትል።

«ሾፌሩ ነዋ!»

«አንቺው ታመጪው፣ አንቺው ታሮጪው! ለወረቀት ሰውም ሽማግሌ ይላክ?» ብላ ሳቀች። የታናሿን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ከወረቀቱም ወጣ። ደንበኛ መስታወት ፊት አቁማ ስትለካ ከኋላዋ የቆመ ይመስላታል፤ ዘወር ስትል የተሰቀለ ኮት ነው። በጠራራ ፀሐይ የመኪና ሞተር ደጃፏ ላይ ሲጠፋ ትሰማለች፤ ስትወጣ መንገዱ ጭር ብሏል።

በመጨረሻ ተረታችና ወደ ቤቱ መለሰችው። ያንኳኳል፣ ሚስቱ ትከፍታለች፣ ይተቃቀፋሉ፤ አለቀ። አሁን ደግሞ እምቢ ያለችው ሚስቲቱ ሆነች። በሩን ሳትከፍት፣ «የት ነበርክ?» አለችው።

ሰፊዋ ብዕሯን ይዛ መልሱን ጠበቀች። ሾፌሩ ትንፍሽ አላለም።

አዘጋጁ ደወለላት። «እትዬ፣ የት እንደነበር ይናገር እንጂ! አድማጭ እኮ ጆሮውን አቁሟል።»

«ቢነግረኝ ደብቄህ ነው?» አለችው።

የድራማው ክፍል እንዳለ ተላለፈ። እህትማማቾቹ ሥራ አቁመው አዳመጡ። ተዋናይዋ «የት ነበርክ?» ስትል ሬዲዮው ጸጥ አለ። ሰፊዋ ብድግ ብላ፣ «ተናገራ! ምን በድዬህ ነው?» ብላ ጮኸች። እህቷ ደርሳ አቀፈቻት፤ ያን ቀን ሆዷ ውስጥ የቀረ እንባ የለም።

ዳግመኛ አልጻፈችም። አዘጋጁም ድራማውን ለሌላ ጸሐፊ ሰጠ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ጨርቅ ይዛ መጣች። ወገቧን ስትለካት ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው፣ በረደሽ እንዴ?»

«ድራማውን አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሾፌሩን ቀብሬው ነበር። አሁንም በሩን ያንኳኳል። ምን ላድርገው?»

ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺስ ማን ጠፍቶብሽ ነው?»

«አባቴ» አለች ልጅቷ።

ሰፊዋ ወንበር ሳበችላት።