የሌላ ሰው ጉንጭ

ዲላ ገበያ ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ዘንድ ቆሜ የስፌት መኪናው ዘይት ሸተተኝ። አያቴ ወናጎ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠመንጃቸውን የሚወለውሉት በዚሁ ዘይት ነበር።

የድሮውን ምንሽራቸውን «ደከመኝ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብለው ሸጡት። ግድግዳው ባዶ ሲሆን ግን እንቅልፍ አጡ። ዓመት ሳይሞላ ያንኑ ዓይነት ምንሽር ገዙ።

በገዙት ዕለት ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩና አወረዱት። እንጨቱ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተበልቷል፤ የተበላው ግን ከእሳቸው ፊት ጋር አልገጠመም።

«ያው ምንሽር አይደል እንዴ፣ አባባ? ምን ጎደለው?» አለች አክስቴ።

«ምንም አልጎደለውም። የሌላ ሰው ጉንጭ ለምዶ ነው። እኔን እስኪለምድ ደግሞ የምቆይ አይመስለኝም።»

አልቆዩም። ምንሽሩ ዛሬም ግድግዳችን ላይ አለ። ለበዓል ስሄድ ዘይት የምቀባው እኔ ነኝ፤ ጉንጬን ግን አሳርፌበት አላውቅም።