የምዙኪሲ ሁለት ክላክስ

ምዙኪሲ ታክሲ መንዳት ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቅዳሜ ቤቱ ውሎ አያውቅም። በኮማኒ፣ በዚህች የደቡብ አፍሪካ ከተማ፣ ቅዳሜ ገበያውም ቀብሩም ሠርጉም አንድ ላይ የሚውልበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ከዋለ ደግሞ ምዙኪሲ መሪ ጨብጦ ይውላል። የልጁ የኢንጋ ልደት የሚከበረውም ቅዳሜ ነው። አንደኛው ላይ አልነበረም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ የእሱ የኬክ ድርሻ በሰሃን ተከድኖ ጠበቀው። አራተኛው ላይ አንዲት ጎረቤት አባትሽ የት አለ ብትላት ኢንጋ፣ «ታታ ልደት የለውም፣ ታክሲ ነው ያለው» ብላ መለሰች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማታ ለእሱ ሲነግሩት ግን አልሳቀም።

ያን ቀን ነው የማለው። አምስተኛው ልደቷ ላይ ባሕር ሊያሳያት፣ ያውም በሌላ ሰው እጅ ሳይሆን በራሱ። ልጅቱ ባሕርን መጀመሪያ ስታይ አጠገቧ የሚቆመው እሱ ነው። ሌላ ነገር አልፈለገም። ቤት ልሥራ፣ መኪና ልግዛ አላለም። አንድ ቅዳሜ ብቻ።

ባለንብረቱ ሦስት ሚኒባስ ያለው ሰው ነው፤ ሹፌር ሲታመም እንኳ ፊቱን የሚያጠቁር። ምዙኪሲ ሦስት ወር ለመነው። በመጨረሻ ቅዳሜና እሑድን ፈቀደለት፤ መኪናውንም ውሰድ አለው። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መስመር የታክሲ ማኅበር እንዳያስቸግርህ እኔ አስቀድሜ እደውልላቸዋለሁ አለ። ወረቀት ግን አልጻፈለትም። ምዙኪሲም ወረቀት ስጠኝ ብሎ ሊጠይቀው አፈረ። ይህ ማፈር ነው እኔን የሚያናድደኝ። ስምንት ዓመት ያለ ዕረፍት ያሠራህን ሰው አንዲት መስመር ጻፍልኝ ለማለት ማፈር ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰው ሆነን ወጣን። ምዙኪሲ መሪው ላይ፤ ሚስቱ ቦንጌካና ኢንጋ ጋቢና፤ እናቱ ማምቤሌ ከእነሱ ኋላ። ማምቤሌ ስሟ አይደለም፤ የቤሌ ዘር ልጅ ማለት ነው፤ በዚህ አገር ትልቅ ሴት በአባቷ ዘር ነው የምትጠራው። እግሯ ሥር በከረጢት የታሰሩ አሥራ ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ነበሩ። ባሕር የሚሄድ ሰው ለጎረቤት ሁሉ የባሕር ውኃ ሳይቀዳ አይመለስም። የመጨረሻው ወንበር ላይ እኔ ሐበሻው ነበርኩ። ሱቄ ከቤታቸው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ኢንጋ ከተወለደች ጀምሮ ማሉሜ ትለኛለች፤ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው። እንድሄድ ያዘዘችኝ ማምቤሌ ናት። «ሰባት ዓመት እዚህ ተቀምጠህ ባሕሩን ሳታይ ልትሞት ነው?» አለችኝ። ለልጅቷ ልደት ስጦታ ብዬ ግማሽ ታንክ ነዳጅ አስሞላሁ።

ገና ሳንነሳ ቦንጌካ ከኬኩ ሳጥን ላይ ሮዝ ጥብጣብ ፈትታ መሪው መሐል፣ ክላክሱ ላይ ለጠፈችው። ያለ ምክንያት አልነበረም። ታክሲ ነጂ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ካየ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ ትሄዳለህ ወይ ማለት ነው። የምዙኪሲ እጅ ይህን ለምዶ ለምዶ ራሱን ችሎ የሚኖር ሆኗል። አንዴ መቃብር በር ላይ ለቆሙ ለቀስተኞች አድርጎ ሊደበደብ ነበር። «ዛሬ ይህቺን እጅህን ቤት ትተሃት በመጣህ» አለችው ቦንጌካ። ኢንጋም አባቷን አየችና ዛሬ ሥራ አለህ ወይ አለችው። ዛሬ አልሠራም አላት። ሁለቴ አስማለችው።

ከኮማኒ ባሕር ዳር ወዳለችው ከተማ ወደ ኢስት ለንደን የሚወስደው መንገድ የእነሱ ማኅበር መስመር አይደለም፤ የሌላ ነው። በሰው መስመር ላይ ቤተሰብህን ይዘህ ማለፍ ትችላለህ። ተሳፋሪ መጫን ግን ደም ያፋስሳል፤ መኪና የተቃጠለበትን ቦታ መንገዱ ራሱ ያሳይሃል፤ አስፋልቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ምዙኪሲ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ ነዳ። ሁለት ሰዓት ያህል ሰላም ነበር። ኢንጋ ባሕሩ ከከብቶች ይበልጣል ወይ፣ ማታ ይተኛል ወይ እያለች ጠየቀች።

ስታተርሃይም የምትባል ከተማ ልንደርስ ስንል አንዲት ሴት ከረጢት ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ምዙኪሲ ለኢንጋ ተራራ እያሳያት ነበር። እጁ ግን ሴትዮዋን አየች። ጥብጣቡ ላይ ወረደችና ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር አደረገች።

ሴትዮዋ እጇን አነሳች። ምዙኪሲ ደንግጦ ነዳጅ ረገጠና አለፋት። ቦንጌካ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየች። ከዛፍ ሥር አንዲት ነጭ መኪና ወጣችና ተከተለችን።

«አትሩጥ» አለች ማምቤሌ። «ከሮጥክ ሰርቀሃል ይላሉ።»

አልሮጠም። ነጯ መኪና ቀደመችንና መንገዱን ዘግታ ቆመች። የማኅበሩ ተራ አስከባሪዎች አራት ሆነው ወረዱ። ሦስቱ ወጣቶች ናቸው፤ አንደኛው ዱላ ይዟል። አለቃቸው የሱፍ ኮፍያ ያደረገ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ቁልፉን በመስኮት እጁን አስገብቶ ነቀለና፣ በማን መስመር ነው የምትጭነው ብሎ ጠየቀ፤ በእርጋታ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። ምዙኪሲ ቤተሰቡ መሆናችንን፣ የልጁ ልደት መሆኑን፣ ክላክሱ የልማድ ነገር መሆኑን አስረዳ። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማውና፣ «ባለፈው ሳምንት አሥራ አራት ሰው የጫነም የአክስቴ ልጆች ናቸው ብሎኝ ነበር» አለ።

ለባለንብረቱ ደወሉ፤ ዝግ ነው። ቅዳሜ ነዋ። ቅዳሜ ሰው ቀብር ላይ ነው፤ ቀብር ላይ ደግሞ ስልክ አይከፈትም።

እነዚህ ሰዎች ቤተሰብን ከተሳፋሪ የሚለዩበት መንገድ አላቸው። ትልቅ ሰው ይዋሻል፤ ልጅ ትጠየቅ ይላሉ። ኢንጋን ከእናቷ ጉልበት ላይ አወረዷትና ብቻዋን መንገዱ ዳር አቆሟት። የወረቀት የልደት ዘውዷ እንኳ ከራሷ አልወረደም። ቦንጌካ ልትወርድ ስትል ባለ ዱላው በሩን በክንዱ ገፍቶ ዘጋባት። ምዙኪሲ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ያይ ነበር። ያኔ ከጀርባ ሆኜ አንገቱን ነው የማየው፤ ሥሩ ተገትሮ ነበር።

አለቃው ቁጢጥ አለና የማን ዘር ነሽ አላት።

ኢንጋ ቀጥ ብላ ቆመች። «ራዴቤ። ቡንጋኔ። ምቲምኩሉ» አለች፤ አያቷ እንዳስተማረቻት፣ የአባቶቿን ስም በተርታ።

የሰውየው ፊት ፈታ አለ። ያኔ ማምቤሌ መስኮቱን ከፈተችና እሱስ የማን ዘር እንደሆነ ጠየቀችው። በእነሱ ወግ ትልቅ ሴት ዘርህን ከጠየቀችህ ዱላ የያዝክ ብትሆንም ትመልሳለህ። ቤሌ ነኝ አለ። ማምቤሌ ሳቀች።

«ታዲያ የወንድሜ ልጅ ነህ። አክስትህን ነው አስፋልት ላይ ያቆምካት?»

ኮፍያውን አወለቀ። እውነቴን ነው፣ ያ ሰው ኮፍያውን አወለቀና ይቅርታ አክስቴ አላት። ኢንጋን በእጁ ይዞ ወደ በሩ መለሳት። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ነገሩ አልቆ ነበር።

ባለ ዱላው ግን ወደ ኋላ ወንበር አጮለቀ። «ይሄስ? ይሄም ራዴቤ ነው?» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ።

ምዙኪሲ ጎረቤታችን ነው፣ እንግዳ ነው አለ። አለቃው ወደ እኔ መጣና ለዚህ ሰው ገንዘብ ሰጥተኸዋል ወይ አለኝ። አይ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ጠዋት ጀምሮ፣ ኧረ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የታፈነ ነገር ነበረብኝ። ለልጅቷ ስጦታ ነዳጅ ሞልቻለሁ፣ እናንተን ምን አገባችሁ አልኩት። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ በሕዝብ ግብር የተሠራ ነው፣ እኔም ግብር እከፍላለሁ፣ ሰው የምታስቆሙበት ፈቃድ ካላችሁ አሳዩኝ አልኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር።

ሰውየው ኮፍያውን መልሶ አደረገ። «ሰማችሁ» አለ ለልጆቹ። «ከፍሏል።»

ከዚያ በኋላ የማምቤሌም ቃል አልሠራም። ውሳኔው አጭር ነበር፤ ባለንብረቱ ስልኩን አንስቶ እስኪያረጋግጥ መኪናው ማኅበሩ ግቢ ይቆማል፤ እኛ ደግሞ በእነሱ መስመር በእነሱ ታክሲ ከፍለን እንሄዳለን። እየተነጋገርን ሳለ አንድ የፖሊስ መኪና መጣ። ፍጥነቱን ቀነሰ። ነጂው ዱላውን አየ፣ ዘውድ ያደረገችውን ልጅ አየ፣ አለቃውን በእጁ ሰላም ብሎት አለፈ። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልን አይደለም። ደመወዝ የሚበላበትን ሥራ ዓይቶ ያለፈ ሰው እንዳለ ይታወቅ ብዬ ነው።

ምዙኪሲ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። መኪናውን ውሰዱት፣ እኔ ከልጄ ጋር ሄጄ ባሕሩን አሳይቻት ልመለስ አለ። አለቃው አልከለከለውም፤ ነገር ግን ግቢ ውስጥ ጎማ ቢጠፋ፣ ሬዲዮ ቢጠፋ፣ መስታወት ቢሰበር እኛን እንዳትጠይቅ አለው። የሰው ንብረት ጥለህ ከሄድክ ሰኞ ሥራ የለህም። ምዙኪሲ ይህን ያውቃል፤ ሰውየውም እንደሚያውቅ ያውቃል። መኪናውን ወደ ግቢው ሊነዳ ቁልፉን ተቀበለና ኢንጋን ከማኩሉ፣ ከአያትሽ ጋር ሂጂ፣ እደርሳለሁ አላት።

«ቅድም አብረን ነው ያልከው» አለችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

የእነሱ ታክሲ መጣ። ያ አለቃ የማምቤሌን ጠርሙሶች በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ጫነላት፤ ክንዷን ደግፎ አሳፈራት፤ በሰላም ግቢ አክስቴ አላት። ሰው አክባሪ ነው። በዚያው እጁ የአንዲት ልጅ አባት ነጥቆ አስቀርቷል፤ ሁለቱ ነገር እንዴት አንድ እጅ ላይ እንደሚገናኝ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኢስት ለንደን ባሕሩ ዳር ደረስን። የባሕሩ ድምፅ ገና ሳይታይ ይሰማ ነበር። ኢንጋ ከታክሲው እንደወረደች ዓይኗን በሁለት መዳፏ ያዘች። እናቷ እየመራች አሸዋው ላይ አደረሰቻት። እዚያ የጠርሙሶቹ ከረጢት ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙራ እጆቿን አወረደች። ባሕሩን ጀርባ ሰጠችው።

ቦንጌካ ለመነቻት። ማምቤሌ ተቆጣቻት። እኔ ተጠግቼ አንዴ ብቻ ዞር ብትል አባቷ እንደማይከፋው ልነግራት ሞከርኩ። «ማሉሜ፣ አንተ ዝም በል» አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ተመልሼ ኬኩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት ሄደ፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። የኬኩ ክሬም ወደ አንድ ጎን ፈሰሰ፣ ነፋሱ አሸዋ በላዩ ነሰነሰ። ቦንጌካ በየአምስት ደቂቃው ትደውላለች፤ የምዙኪሲ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። በኋላ መጥራቱንም ተወ። ያን ጊዜ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቷ አስፋልት ላይ እንደቀረው ጥቁር ቦታ ሆነ። ሁላችንም የምናስበው ያንኑ የተቃጠለ መኪና ነበር። ሌሎች ልጆች ከማዕበል እየሸሹ ይጮኻሉ። ኢንጋ የሚገባውን መኪና ሁሉ ታያለች፤ አንገቷን እያሰገገች ታዳምጣለች።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ከማቆሚያው በኩል አንድ ሰው በእግሩ መጣ። ጫማውን በእጁ ይዟል። ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። ቦንጌካ የቁልፎቹን ቦታ አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች። ባለንብረቱ ከቀብር ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን ከፈተ፤ አዎ እኔ ነኝ የፈቀድኩለት አለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ መኪናውን ለቀቁለት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ዓርብ ዕለት ወረቀት ላይ ብትሰፍር ኖሮ።

ምዙኪሲ እኔን አየኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከስድብ ይልቅ ያ ነው የከበደኝ።

ኢንጋ ከከረጢቱ ላይ አልተነሳችም። አኩርፋ ነበር። ክላክሱን ስጠብቅ ነበር፣ ለምን ሳታደርግ መጣህ አለችው።

ምዙኪሲ አሸዋው ላይ ተንበረከከ። «ዛሬ አልሠራም አላልኩሽም?» አላት።

አሰበችበት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ትከሻዋን ሰጠችው፤ እሱም በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ አዞራት።